መልስ፦ «ኤክስ» ቀጠና ያለ ቤት ጎርፍ አያሰጋውም?

በኢሊኖይ ሌክ ካውንቲ ሊገዙት ያሰቡት ቤት በፌማ (የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ) የጎርፍ ካርታ «ኤክስ» በተባለው፣ ሥጋቱ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ በሆነ ቀጠና ውስጥ ስለሆነ የጎርፍ ኢንሹራንስ ያስፈልገኛል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አበዳሪው ባያስገድድዎትም ሥጋት የለም ማለት አይደለም። «የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚለው፣ ብዙዎችን የሚያሳስት አጠራር፣ በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል ያለውን ጎርፍ የሚመለከት ሲሆን፣ ከፍተኛ የጎርፍ ሥጋት ባለበት «ኤኢ» ቀጠና ውስጥ ላለ ቤት ዕድሉ በ30 ዓመት የብድር ዘመን ሲሰላ 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ካርታው በዋናነት የወንዝና የሐይቅ ሙላትን እንጂ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ የፍሳሽ መስመር ሞልቶ ቤዝመንት (ምድር ቤት) የሚገባውን ውኃ ብዙ ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ ቤዝመንቱን ወርደው ይዩት፤ የግድግዳው ግርጌ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ የውኃ ምልክት ለመሸፈን ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱን ሻጩን ይጠይቁ። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው።