ጥያቄና መልስ፦ ጭስ ውስጥ ሽቦ ሲጠመጥም

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል። እሳት አደጋ ተከላካይ ጭስ በሞላው ቤት ውስጥ በደረቱ እየተሳበ ሳለ የወረደ ሽቦ፣ ገመድ ወይም ኮርኒስ ቢጠመጥምበት በምን ቆርጦ ይወጣል? መቁረጫውንስ የት ይያዝ? ጥያቄዎቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ እሳት አደጋ ላይ ስሠራ ሦስት ዓመቴ ነው። ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ሴንጢ አለች። አለቃዬ ግን «እሷን ለሽንኩርት ተዋት፣ ፒንሳ ያዝ» ይለኛል። ሱቅ ስሄድ ደግሞ የፒንሳው ዓይነት ብዛቱ! የትኛውን ልግዛ?

አለቃዎ ልክ ናቸው። ሴንጢ የብረት ሽቦ አትቆርጥም። በወፍራም ጓንት ስለቷን ማውጣትም ራሱን የቻለ ትግል ነው። ወጣች እንበል፤ በጨለማ ወደ ራስዎ እየሳቡ የሚቆርጡበት ስለት ከአየር ቱቦዎ፣ ከማስክዎ ማሰሪያና ከአንገትዎ የሚርቀው በአንድ ስንዝር ነው።

ፒንሳ ከመምረጥዎ በፊት ግን ቀና ብለው የከተማዎን ጣሪያ ይዩ። የውጭ አገር ማሠልጠኛዎች አብዝተው የሚያስጠነቅቁት ከአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ውስጥ ስለሚወጣው ጥምዝምዝ ሽቦ ነው። እኛ ዘንድ ያ የሚገኘው ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ነው። በጭቃ ቤትና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚጠብቅዎ ሌላ ነው፦ የማዳበሪያ ኮርኒስ፣ እሱን ወጥሮ የያዘ ቀጭን ሽቦ፣ ሞራሌው ላይ በፕላስቲክ ክሊፕ የተያዘ የመብራት ገመድ፣ የዲሽ ገመድ፣ ሲባጎ። መሬት ላይ ደግሞ ስፖንጁ ተቃጥሎ ሞላው ብቻ የቀረ ፍራሽ። የማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራበት ፕላስቲክ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ኮርኒሱ ቀድሞ ይወርዳል፤ የተሸከመውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው።

ይህን ሁሉ የሚቆርጥ አንድ መሣሪያ የለም። የምንመክረው ሁለት መያዝ ነው።

አንደኛው 8 ኢንች (20 ሳንቲ ሜትር) ገደማ የሆነ፣ ስለቱ ጫፉ ላይ የሆነ ጎን ቆራጭ ነው። ተራ ፒንሳም ይቆርጣል፤ ችግሩ መቁረጫው ከጥርሱ ኋላ፣ ማጠፊያው አጠገብ መሆኑ ነው። ሽቦው እዚያ ድረስ እንዲገባ አፉን በሰፊው መክፈት ያስፈልጋል፤ ሰውነትዎ ላይ ተጣብቆ የጠበቀ ሽቦ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ጎን ቆራጩ በጫፉ ይነክሳል። እጀታው ሞላ ያለው፣ ሲለቁት ራሱ የሚከፈት ይሁን። ራሱ የማይከፈት ከሆነ ለእያንዳንዱ ሽቦ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ እጅዎ ደግሞ ያን ጊዜ ሽቦውን ይዞ ነው ያለው።

ሱቅ ውስጥ ምንቃሩ እንደ ጭልፊት የቆለመመ የኬብል መቀስም ያያሉ። መዳብና አልሙኒየም እንደ ቅቤ ይቆርጣል፤ ሽቦውን ስለሚያቅፈውም አያንሸራትትም። የፍራሽ ሞላ ሲገጥመው ግን ስለቱ ይሸረፋል፤ ከዚያ በኋላ መዳቡንም በቅጡ አይቆርጥም። ለብቸኛ መሣሪያነት አይሆንም። ረጅም እጀታ ያለው የብረት መቁረጫም መኪናው ላይ ይቀመጥ፤ በደረት ተኝቶ እጀታውን የሚከፍቱበት ቦታ የለም።

ሁለተኛው ሆስፒታል ውስጥ የታካሚ ልብስ የሚቆርጡበት፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ ጠንካራ መቀስ ነው። ይኼ ለሲባጎ፣ ለማዳበሪያና ለጨርቅ ነው። ፒንሳ ላይ ማዳበሪያ ሲገባ በሁለቱ ስለት መሃል ይታጠፍና ይታኘካል እንጂ አይቆረጥም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሥራ ጓንትዎን ይዘው ይሂዱ። ባለሱቁ ይስቅ ይሆናል፤ ግድ የለም። ጓንቱን አጥልቀው በአንድ እጅ ይክፈቱ፣ ይዝጉ። 1.5 ሚሊ ሜትር ጥቁር ሽቦ፣ አንድ ቁራጭ የዲሽ ገመድና አንድ የፍራሽ ሞላ ይዘው ይቁረጡበት። የዲሽ ገመድ ለስላሳ ይመስላል፤ የብዙው መሃል ሽቦ ግን መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ሞላውን ሲቆርጡ ዓይንዎን ዞር ያድርጉ፤ ቁራጩ ይፈናጠራል። ከዚያ ስለቱን ዘግተው ወደ ብርሃን ያቅኑት። በመሃል ብርሃን ካለፈ ይመልሱለት።

ከወልዲያ፦ መቁረጫ አለኝ። ልምምድ ላይ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ተኝቼ ላወጣው ብል እምቢ አለኝ። ሰው የት ነው የሚይዘው?

ከኮቱ በታች ያለ የሱሪ ኪስ ቆመው ሲሞክሩት ይመቻል። ሲተኙ የኮቱ ጫፍ ይሸፍነዋል፣ የመተንፈሻ መሣሪያው የወገብ ቺንጊያ ይጫነዋል፣ ክብደትዎም ላዩ ላይ ነው። የኮቱ የታች ኪስም ያው ነው።

የሚሻለው ደረት ላይ፣ በትከሻ ማንገቻዎቹ መሃል ነው። ግራም ቀኝም እጅ የሚደርስበት ቦታ ያ ብቻ ነው፤ የትኛው እጅዎ እንደሚታሰር አስቀድሞ ማወቅ አይቻልምና። መቀሱን በሌላ በኩል፣ ጭኑ ውጭ ላይ ያድርጉት። ሁለቱን አንድ ኪስ ውስጥ አያጭቁ። ጓንት፣ የበር ማስደገፊያ ሽብልቅ፣ ባትሪም እዚያ አይግባ።

ማስቀመጫውን ከአሮጌ የእሳት አደጋ ቱቦ ማሰፋት ይቻላል። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆረጥና ታቹን ጫማ ሰፊ በወፍራም ክር ይደፍነዋል፤ ሙቀትም ስለትም ይችላል። አፉ ሰፋ ብሎ ይቅር፣ እጀታው አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ይውጣ። ክዳን አያድርጉለት፤ ተጣባቂ ክዳን ጭቃና ጥላሸት ሲጠጣ አንድም አይይዝም፣ አንድም አይለቅም። ባለሞላው እጀታ ኪስ ውስጥ እንዳይከፈት ከከመነዳሪ የተቆረጠ ቀለበት ያጥልቁበት፤ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይወልቃል። አብሮት የሚመጣውን ትንሽ የብረት መቆለፊያ ግን ፈትተው ይጣሉት። በጓንት አይገኝም።

መቁረጫው ከእጅ ወድቆ ጭስ ውስጥ ከጠፋ የለም ማለት ነው። ስለዚህ በቀጭን ገመድ ይታሰር። ርዝመቱ እጅዎ ከማጅራትዎ ኋላ እስኪደርስ፣ ማለትም 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ትርፉ ኪሱ ውስጥ ይታጠፍ፤ ውጭ ከተንዘላዘለ እሱ ራሱ ሌላ ወጥመድ ይሆናል።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፦ ሽቦ ቢይዘኝ ቶሎ መቁረጥ ነው ወይስ መጀመሪያ ሌላ የሚደረግ ነገር አለ?

አለ፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ መቁረጥ ሳያስፈልግ ይወጣል። የሰው ደመ ነፍስ ወደ ፊት መጎተት ነው። ወጥመድ የሚጠብቀው ግን ሲጎትቱት ነው። ይቁሙ። ከዚያ ሬዲዮ ይክፈቱና ማን እንደሆኑ፣ የት ክፍል እንዳሉ፣ ምን እንደያዘዎ፣ አየርዎ ስንት ባር እንደሆነ ይናገሩ። «አብሽር፣ አሁን እወጣለሁ» እያሉ ራስን ማጽናናት ጥሩ ነው፤ የሬዲዮውን ጥሪ ግን አይተካም። ሒሳቡ እነሆ፦ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ባለ 6 ሊትር የአየር ሲሊንደር ግፊቱ 50 ባር ላይ ወርዶ «አየር እያለቀ ነው» ብሎ ሲያፏጭ ውስጡ የቀረው 300 ሊትር ያህል አየር ነው። የሚታገል ሰው በደቂቃ 60 ሊትር ቢተነፍስ አምስት ደቂቃ ነው፤ የተደናገጠ ሰው ከዚያም በላይ ይተነፍሳል። ፉጨቱን ሰምቶ መጥራት ዘግይቶ መጥራት ነው።

ከጠሩ በኋላ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ይበሉ። ሽቦው ይላላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ከጀርባዎ የሲሊንደሩ አንገትና መክፈቻ ነው። ስለዚህ በጎንዎ ይንከባለሉ፤ ከዚያም የላይኛውን እጅ ከጭንዎ ጀምረው ሰውነትዎን እየዳበሱ በጀርባው ያንሱት፣ በራስዎ ላይም አሳልፈው ወደ ፊት ይዘርጉት፣ እንደ ዋናተኛ። በክንድዎ ላይ የተንጠለጠለው ሽቦ አብሮ ይነሳል። ካልተላቀቀ በሌላው ጎን ይድገሙ።

ያኔም ካልሆነ ይቁረጡ። የያዘዎትን ገመድ በግራ እጅዎ ይጨብጡና በሁለቱም አቅጣጫ ትንሽ ይከተሉት። አውራ ጣት የሚያክል፣ ለስላሳና ወደ ማስክዎ የሚሄድ ከሆነ የራስዎ አየር ነው! የጓደኛዎ መመለሻ ገመድም ሊሆን ይችላል። የሚቆርጡትን ሁልጊዜ ከፊትዎ፣ ሲጎትቱት ተወጥሮ ሳለ ይቁረጡ። የላላ ሽቦ ከስለቱ ይሸሻል። ጠመዝማዛ ሽቦ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ጫፉ ተመልሶ ይነክሳልና ከሰውነትዎ በግራም በቀኝም ቆርጠው መሃሉን ወዲያ ይጣሉት።

የመጨረሻው መንገድ መተንፈሻውን ከጀርባ ማውረድ ነው። የወገቡን ይፍቱ፣ ትከሻውን ያላሉ፣ የአየር ቱቦው የሚያልፍበትን ማንገቻ ግን በእጅዎ እንደጨበጡ ሲሊንደሩን ወደ ፊትዎ ያዙሩት። ማስኩ አይነካም። ሽቦውን ዓይን በሚሆነው እጅዎ እየዳበሱ ቆርጠው መልሰው ይልበሱት። ይኼን መጀመሪያ ጊዜ እሳት ውስጥ የሚሞክር ሰው ቱቦውን ይነቅለዋል። ከሞራሌ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ሳጥን ይምቱ፣ ውስጡን በጥቁር ሽቦ፣ በሲባጎና በተጣለ የዲሽ ገመድ ያጥሩት፣ ማስኩን በጨርቅ ሸፍነው ይለፉበት። አንድ ሰው ትልቁን መቁረጫ ይዞ ከውጭ ይቁም።

ከኮምቦልቻ፦ የፋብሪካችን የእሳት ቡድን ውስጥ ነኝ። የፒንሳችን እጀታ ቀይ ጎማ ነው። መብራት ያለበትን ሽቦ መቁረጥ ይቻላል?

ጎማው ለመያዣ ምቾት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለመብራት የተፈተነ መሣሪያ እጀታው ላይ የሁለት ሦስት ማዕዘኖች ምልክትና 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለው። ምልክቱ ቢኖርም በእርጥብ ጓንት፣ በተጫረና ሙቀት በመታው እጀታ አይተማመኑበት።

አደገኛው ደግሞ ሁለት መስመር ያለውን ገመድ በአንዴ መቁረጥ ነው። ስለቱ ፋዙንና ኒውትራሉን ያገናኛል፤ ብልጭታው ስለቱን ይበላዋል፣ ፊትዎንም ያቃጥላል። መነጠል ከቻሉ አንድ በአንድ ይቁረጡ። ከሁሉ በፊት ግን ሰው ከመግባቱ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይውረድ፣ አንድ ሰው እዚያው ይቁም። በቤት ውስጥ የቆጣሪውን ብሬከር ማጥፋት ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ነው የሚያጠፋው፤ ከምሰሶ እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር አሁንም 220 ቮልት አለው። ጀነሬተሩንም እንዳይረሱት፤ መብራት ጠፋ ብሎ በራሱ የሚነሳ ከሆነ እናንተ ውስጥ ሳላችሁ ይነሳል።

ፋብሪካችሁ ጨርቃ ጨርቅ ከሆነ፣ ክር ክፍል ውስጥ ለሚጠመጥመው ክር መቀሱ ይበቃል።

ከሐይቅ፣ ባለሱቅ፦ የመብራት ሠራተኛው ገመዱን ሁሉ በፕላስቲክ ክሊፕ ነው የሰቀለው። ይህ ለእሳት አደጋ ሰዎች ችግር አለው?

አለው። ክሊፑ ከገመዱ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ገመዱ ሳይቃጠል በር ላይ ይንጠለጠላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2010 በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን፣ ሸርሊ ታወርስ በተባለ ፎቅ ሁለት እሳት አደጋ ተከላካዮች ሞተዋል፤ እዚያም ከፕላስቲክ መያዣው የወረደ ገመድ ጠምዷቸው ነበር። የእንግሊዝ የመብራት ዝርጋታ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2015 የመውጫ መተላለፊያዎችን፣ በ2018 ደግሞ ሕንፃውን በሙሉ በሚመለከት ገመድ በእሳት ቶሎ እንዳይወርድ ሆኖ ይያዝ አለ።

ሁሉንም መንቀል አያስፈልግዎትም። በፕላስቲኮቹ መሃል መሃል የብረት ማሰሪያ በሚስማር ሳይሆን በቪት ያስመቱ። ከበሩ በላይና ወደ ጓዳ በሚወስደው መተላለፊያ ይጀምሩ። የማያገለግለውን አሮጌ የዲሽ ገመድ ደግሞ ዛሬውኑ ያውርዱት።