ሥራ ብፈታ መኖሪያዬ ይነካል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የአውሮፓ ፓስፖርት ይዘው ጀርመን የሚኖሩ ወገኖች ደጋግመው ከሚጠይቁን ጥቂቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ የስዊድን ዜጋ ነኝ። ፍራንክፈርት ስምንት ወር ሠርቼ ኮንትራቴ አለቀ። ጆብሴንተር (የመንግሥት ድጎማ የሚሰጠው ቢሮ) ድጎማ ብጠይቅ አገር ልቀቂ እባላለሁ?

መልስ፦ ድጎማ ስለጠየቁ ብቻ አይባሉም፤ የ2004ቱ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ይከለክላል። የሚያሳስበው ቀኑ ነው። ከዓመት በታች ሠርቶ ያለፈቃዱ ሥራ ያጣ ሰው የሠራተኛነት መብቱ ለስድስት ወር ይቆይለታል። ከዓመት በላይ ለሠራ ይህ የስድስት ወር ገደብ የለበትም። ሁለቱም ግን በሥራ ፈላጊነት መመዝገብ አለባቸው፤ ሥራው የቀረው በፈቃድ አለመሆኑንም የሥራ ቢሮው፣ አርባይትስአገንቱር፣ ማረጋገጥ አለበት። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። አለቃ «ተስማምተን እንለያይ» ብሎ አውፍሄቡንግስፈርትራግ (በስምምነት የመለያያ ውል) ያቀርባል፤ ሰውም ሳያነብ ይፈርማል። ያ ፊርማ በፈቃድ እንደ መልቀቅ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤ ወይም ማብቂያ ቀኑ ያለበት ኮንትራት ይያዙ። ስድስቱ ወር ካለፈ በኋላ ሥራ እየፈለጉ መኖር ይችላሉ፤ መኖሪያዎ በሥራ ፍለጋ ላይ ብቻ ከቆመ ግን ጆብሴንተር ይከለክልዎታል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ አጽድቋል፤ ባለጉዳዮቹም እንደ እርስዎ የስዊድን ዜጎች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ስድስቱ ወር አልፎብኛል፤ ልጄ ግን እዚሁ ትማራለች።

መልስ፦ እንግዲያው በሌላ በር ይግቡ። ጀርመን ውስጥ ሠርተው የነበሩ ከሆነ፣ ልጅዎ ትምህርቷን የመከታተል፣ እርስዎም እንደ አሳዳጊ አብረው የመኖር መብት አላችሁ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ወላጅ ከድጎማ ማግለል አይቻልም ብሏል። የትምህርት ቤት ማረጋገጫና የቀድሞ የደመወዝ ወረቀት አያይዘው ምክንያቱን በጽሑፍ ያስገቡ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ራሱ ያነሣልኛል ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሆላንድ የሥራ አጥ ክፍያ አገኛለሁ። ይዤው ጀርመን ሥራ መፈለግ እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ይህ ከድጎማ የተለየ፣ በመዋጮ የመጣ ገንዘብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ እዚያው አራት ሳምንት ተመዝግበው ይቆዩ፤ ሳይነሡም ዩ2 የሚባለውን ቅጽ ያስሞሉ። ጀርመን በሰባት ቀን ውስጥ ይመዝገቡ፤ ከዘገዩ የሚከፈልዎት ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ ነው። ክፍያው ሦስት ወር ይዘልቃል፤ የሆላንዱ መሥሪያ ቤት ከፈቀደ እስከ ስድስት።

ጥያቄ፦ የጣሊያን የስደተኛ ፈቃድ አለኝ። እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ አይመለከትም። ከላይ ያልነው የመኖሪያ መብት ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። በጣሊያን ፈቃድ ጀርመንን መጎብኘት ይቻላል፤ ሠርቶ ለመኖር ግን የጀርመን ፈቃድ ያስፈልጋል።