ላሟን የመታት ምች አይደለም

ከድሬዳዋ አካባቢ የጻፉልን አንድ አባት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የገዟት ነጭና ጥቁር ድቅል ላም ነጩ ቆዳዋ ብቻ አብጦ እየተላጠ ነው፤ ጥቁሩ ደህና ነው። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አስቀብቷቸዋል። የምትውለው የወፍ ቆሎ በከበበው ሜዳ ነው።

አባቴ፣ ዳማከሴውን ይተዉትና የወፍ ቆሎውን ይዩት። ለአበባው ተብሎ ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች የመጣ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ጉበት ይመርዛል። እዚያው ያደገ ከብት አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም፤ የሚበላው እንግዳው ወይም የተራበው ነው። ከብት አረንጓዴ ሲበላ የቅጠሉ ቀለም ሆዱ ውስጥ ተብላልቶ ፊሎኤሪትሪን የሚባል ነገር ይሆናል። ጤነኛ ጉበት ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል። የተመረዘ ጉበት ግን ስለማይችል በደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፤ እዚያ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ጥቁሩን ቆዳ ቀለሙ ጋረደለት፣ ነጩ ተጋለጠ። ቅባት ሲደራርቡ የሚሰነብቱ ሰዎች የሚያናድዱኝ ለዚህ ነው፤ ቆዳው ሲድን ላሟ በጉበቷ ትሞታለች።

ሜዳ መቀየርም ብቻውን አይበቃም። ይህ ተክል የከብቱን ሆድ ሥራ ስለሚያስቆመው፣ የበላችው ቅጠል እዚያው ተቀምጦ መመረዙን ይቀጥላል። ጥላ ውስጥ አስገቧት፣ አረንጓዴውን ትታ ድርቆሽ ትብላ፣ የዓይኗ ነጭ ቢጫ መሆኑን ይዩ። የእንስሳት ሐኪም ግን ዛሬውኑ ይጥሩ። ነገ አላልኩም። ሐኪሙ የመድኃኒት ከሰል ሊያጠጣት ይችላል (ከምድጃ አውጥተው እንዳይፈጩ አደራ)።

«የተላጠውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብቀባውስ?»
አይቀቡ።

ብራኪያሪያ የሚባል ሣር የዘራ ወጣት የበጎቹ ጆሮና ፊት አብጦ ጥላ ፍለጋ እንደሚሯሯጡ ይናገራል። ሣሩ ጥሩ መኖ ነው፣ ዘሩም የአፍሪካ ነው። ግን ሳፖኒን የሚባል ጉበት የሚጎዳ ነገር አለበት፤ በጎች፣ በተለይ ግልገሎች፣ ከላም ይልቅ ይጎዱበታል። ከማሳው ያውጣቸው፣ ለላሞቹ ይተወው። ሐኪምም ያሳያቸው።

«መድኃኒትስ እንዲህ ያደርጋል?» አዎ። ድሮ ለሆድ ትል ይሰጥ የነበረው ፌኖቲያዚን የታወቀ ነው። ጉበት ሳይታመም መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ ተለውጦ ዓይኑ ውስጥ ወዳለው ውሃ ይደርስና የጥጃውን ዓይን በፀሐይ ያደበዝዘዋል።

«በሬዬ ጥቁር ነው፤ ምንም አላሳየም፤ ልተኛ?» ጥቁር በሬም ጉበቱ ይታመማል፤ ቆዳው አይናገርለትም እንጂ። የበላው የወፍ ቆሎ ከሆነ አይተኙ።