«እሷ ግን እንደ እነሱ አይደለችም»

ውድ ጠያቂዬ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የላኩልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። የ27 ዓመቷ ነርስ ልጅዎ ጥቁር አሜሪካዊ ልታገባ መወሰኗን፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» ካሏት ወዲህም ሁለት ወር ሙሉ ስልክዎን አለማንሳቷን ገልጸው፣ «ልጄን እንዴት ልመልሳት?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ሽማግሌ ሲመጣ ዘመድ ምን ይላል የሚለውም ሥጋትዎ ቀላል አይደለም።

ሆኖም ደብዳቤዎ «ጥቁር አሜሪካዊ» የሚለውን አራት ጊዜ ሲያነሣ፣ የሰውየውን ስም፣ ሥራና ጠባይ አንድም ቦታ አይጠቅስም። ስለዚህ እኔ ስለ እሱ የምፈርድበት ነገር የለኝም፤ እርስዎም ያለዎት አይመስለኝም። ይልቅስ ዓይኔ ያረፈው እግረ መንገድዎን ጣል ባደረጓቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው፣ በሆቴል ጽዳት ሥራ ሲጀምሩ አልጋ ማንጠፍ ስላሳየችዎና ሲወልዱ ፈረቃዎን ስለሸፈነችልዎ ጥቁር አሜሪካዊት ካወጉ በኋላ፣ «እሷ ግን እንደ እነሱ አይደለችም» የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ወንድ ልጅዎን በ17 ዓመቱ፣ ሌሊት ከሥራ ሲመለስ ፖሊስ ባስቆመው ጊዜ፣ እርስዎ እንዳስጠኑት «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ማለቱን በኩራት የሚያወሳው ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የተለያየ ወገን ያላቸው ሰዎች እኩል ሆነው፣ ለአንድ ዓላማ ተጋግዘውና የበላይ አካል ደግፏቸው ሲገናኙ ጥላቻው እንደሚረግብ ጽፈዋል። እርስዎና ያቺ ሴት አንድ ዓይነት ሽርጥ አጥልቃችሁ አንድ ኮሪደር ስታጸዱ ከዚህ አብዛኛው ተሟልቶላችሁ ነበር። ታዲያ አመለካከትዎ ለምን አልተለወጠም? መልሱን እኚሁ ምሁር ሰጥተውታል፤ ሰው ስለ አንድ ወገን በልቡ አጥሮ ከያዘው ሥዕል ጋር የማይገጥም ደግ ሰው ሲያጋጥመው፣ ሥዕሉን ከማረም ይልቅ ያን አንድ ሰው ብቻ በአጥሩ ቀዳዳ ያስገባና ቀዳዳውን መልሶ ይደፍናል። «እሷ ግን እንደ እነሱ አይደለችም» ያ ድፋን ነው።

«ኢትዮጵያዊ ነኝ» የሚለውም በእኔ አነባበብ ያው ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ ነው። ለሥራ ባልደረባዎ የሰጡትን ፈቃድ፣ ልጅዎ ከፖሊሱ እንዲለምን አስተምረውታል፤ «እኔ እንደ እነሱ አይደለሁም፣ ለእኔ ብቻ በሩን ክፈትልኝ» እንዲል። ይህን በጥላቻ አደረጉት አልልም። አገሩን ሳያውቁ የደረሱ እናት፣ በአሜሪካ ማን ከታች እንደሚቆጠር ቶሎ አይተው ልጆችዎን ከዚያ ቆጠራ ለማስወጣት ያገኙት ጋሻ ሐበሻነት ነበር። እኔ ራሴም በውጭ አገር ስማር ይህን ጋሻ አንሥቼ አውቃለሁ።

«ደኅና ሰፈር» ያሉት ሲልቨር ስፕሪንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ፣ ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚያግድ አንቀጽ በሽያጭ ውል ላይ ይጻፍባቸው ከነበሩ ሰፈሮች አንዱ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 ፍርድ ቤቶች ያን አንቀጽ እንዳያስፈጽሙ ወሰነ፤ በ1968 ደግሞ መድልዎው በሕግ ተከለከለ። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ውሎች ጥቁር ሰው እዚያ እንዲኖር የተፈቀደው ለነጭ ባለቤት የቤት ሠራተኛ ከሆነ ብቻ ነበር። ለሐበሻ የተተወ ቀዳዳ አልነበረም።

ስለዚህ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ በዚህ ጉዳይ ወደ ልጅዎ አደላለሁ። እዚያ ያደገች፣ በትምህርት ቤትም በሆስፒታልም እንደ ጥቁር ሴት የምትታይ ልጅ «ጥቁር አሜሪካዊ አታግቢ» ስትባል ከአንድ ሰው በላይ የተነቀፈ መስሎ ይሰማታል፤ እሷ ራሷ ናት የተነቀፈችው። እርስዎን በእውነት የሚያስጨንቅዎ፣ የልጅ ልጆችዎ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ብለው የሚያመልጡበት ቀዳዳ ማጣታቸው ይሆን? ከሆነ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የእጮኛው ጥፋት አይደለም።

ምን ያድርጉ ለሚለው በደብዳቤ ብዙ ማለት አልደፍርም። ምናልባት ለልጅዎ ስለ ጋብቻው ምንም የማይጠይቅ፣ ስለተናገሩት ቃል ብቻ ይቅርታ የሚል አጭር መልእክት ቢልኩላት ይበጅ ይሆናል፤ መልሱ ቢዘገይም ይታገሡ። የሁለት ወር ዝምታ በአንድ ስልክ አይፈታምና፣ ሁለታችሁም የምታምኑት አማካሪ ዘንድ አብራችሁ ብትቀርቡ እመርጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወንድ ልጅዎን ለብቻው ቡና አፍልተው ያስቀምጡትና፣ ያን ሌሊት «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ሲለው ፖሊሱ ምን እንዳደረገ ይጠይቁት። ደብዳቤዎ ይህን አይናገርም።