ቢላ ሳይነካው ያደረ ዕጢ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ «ጋሼ፣ በካንሰር ናኖ ሕክምና ላይ መመራመር እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከፎርማሊን» አልኳት፤ ፎርማልዲሃይድ የተባለ ኬሚካል የሟሟበት፣ ከሰውነት የወጣ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። ያልተዋጠላት መሰለኝ፤ ዝም አለች። ጥያቄዋ ለብዙ ዓመታት ከሆዴ ያልወጣ አንድ ናሙና ስለቀሰቀሰብኝ፣ መልሱን ለእሷም ለእናንተም ጻፍኩት።

ናሙናው ከመንዝ የመጣች እናት የጡት ዕጢ ነበር። ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሽ ሊትር በሚይዝ አፈ ጠባብ የፕላስቲክ ዕቃ ተጠቅጥቆ ደረሰ። ፎርማሊኑ ዕጢውን ለጥቂት ነው የሸፈነው። ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ዕቃው ማሞቂያ በሌለው ክፍል መስኮት ሥር፣ በደብረ ብርሃን ውርጭ ሦስት ሌሊት አደረ። ሰኞ ጠዋት ዕጢው ስለጠነከረ በገባበት አፍ አልወጣ አለ፤ ዕቃው ተቀደደ። በቢላ ለሁለት ሲከፈል ዳርና ዳሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ግራጫና ጠንካራ ሆኗል። መሐሉ ግን ቀይ ነው፤ ልል ነው፤ ይሸታል። ላዩ በስሎ ውስጡ ሊጥ የቀረ ዳቦ በሉት።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ልዘርዝረው። «ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ይገባል» የሚባለው ለላይኛው ንብርብር ብቻ ነው የሚሠራው። ወደ ውስጥ በሄደ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጥልቀቱ እጥፍ እንዲሆን ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት። ብርድ ደግሞ ይብሱን ያዘገየዋል። መጠኑም አልበቃም። 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነገር 113 ሚሊ ሊትር ገደማ ይዘት አለው፤ ፎርማሊኑ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን ከተባለ ከ1 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። ያ ዕቃ ዕጢውም ተጨምሮበት የሚይዘው ግማሽ ሊትር ብቻ ነው። በዚህ መሐል በዕጢው ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ደም ከተቋረጠባቸው ሰዓት ጀምሮ በራሳቸው ኢንዛይም እየተበሉ ነበር።

ካንሰር መሆኑ ከዳሩ ተነበበ። የኢስትሮጅን ተቀባይ ምርመራ (ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን በካንሰሩ ሕዋስ ላይ መኖሩን የሚያሳየው) ግን የሚታመን አልነበረም፤ የበሰበሰ ሕዋስ ተቀባይ ቢኖረውም «የለም» ብሎ ሊነበብ ይችላል። ተቀባዩ ያላት ሴት ታሞክሲፌን የተባለ ክኒን ይጠቅማታል፤ «የለም» ከተባለች ክኒኑ ይቀርባታል። ዕጢው እንደሆነ ወጥቷል፤ እንደገና ቆርጣችሁ አታመጡትም። ዓርብ ማታ «ሰኞ ይደርሳል» ብዬ ቢላውን ያላነሳሁት እኔ ነኝ።

ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም ነበር። የዕጢውን ላይኛና ጎን የሚያመለክተው ክር መኖሩን ታያላችሁ። የተቆረጠውን ዳር ቀለም ትቀባላችሁ፣ በወረቀት ታደርቁታላችሁ። ከዚያ በረጅም ቢላ፣ አንድ ጊዜ በመጎተት፣ በየ5 ሚሊ ሜትሩ ትሰነጥቁታላችሁ፤ ሥሩ ላይ ሳትጨርሱት፣ ቅጠሎቹ እንደተያያዙ። በየመሐሉ የወረቀት ፎጣ ታስገባላችሁ፤ ያለዚያ መልሰው ተጣብቀው ፎርማሊን አያስገቡም። ክዳን ባለው አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ይዋኝ። የጡት ናሙና ከወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ማግኘት፣ እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፦ «3፡00 ወጣ» ብላችሁ አትጻፉ። በእኛ ነው በፈረንጅ? የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው፤ ከላይ ካልኩት ዝቅተኛ ጊዜ ጋር እኩል። «ከጠዋቱ 3፡00 በኢትዮጵያ» ብላችሁ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይጠፋል። ወረቀቱም ዕቃው ሆድ ላይ ይለጠፍ እንጂ ክዳኑ ላይ አይሁን፤ ክዳን ይቀያየራል።

ፎርማሊኑን ራሳችሁ በጥብጡ። 100 ሚሊ ሊትር ከባዱ (ገና ያልቀጠነው) ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌት፣ 6.5 ግራም ውኃ አልባ ዳይሶዲየም ፎስፌት። ከባዱ ፎርማሊን በብርድ ታች ነጭ ዝቃጭ ከጣለ አጥልላችሁ አትጠቀሙበት፤ የዘቀጠው ራሱ ፎርማልዲሃይዱ ስለሆነ የቀረው ኃይሉ ቀንሷል። ፎስፌቱን ከተዋችሁት ደግሞ ፎርማሊኑ አሲድ ይሆንና ደም የበዛበት ናሙና ላይ ቡናማ ጥቁር ነጠብጣብ ያበቅላል። ያ ነጠብጣብ የወባ ተውሳክ የሚተወውን ቀለም ቁጭ ነው። በጣፊያ ናሙና ላይ፣ በተለይ እንደ ሸዋሮቢት ካለ ቆላ ከመጣ ሰው፣ ይህ ስሕተት ምን እንደሚያስከትል እናንተው አስቡት።

ሌላም የደጋ ጣጣ አለ። የተቀባይ ምርመራ ሲሠራ፣ ፎርማሊን የሸፈነው ተቀባይ እንዲገለጥ፣ ስላይዱ (ስስ የናሙና ቁራጭ የተለጠፈበት መስታወት) የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 6 በሆነ የሲትሬት ውኃ ከ95 ዲግሪ በላይ መቀቀል አለበት ይላል መመሪያው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባቄላ ንፍሮ እዚህ ለምን እንደሚዘገይ እናቶቻችሁ ያውቁታል። ስለዚህ ክዳኑ እንፋሎት የሚያፍነው ድስት ያስፈልጋል። ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ከተወሰደ የደህና ናሙና ተቀባይም «የለም» ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ናኖው። የፎርማልዲሃይድ ሞለኪውል ስፋቱ 1 ናኖሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) አይሞላም፤ ያም ሆኖ ያንን ዕጢ በሦስት ሌሊት አልጨረሰውም። እናንተ መድኃኒት ጭናችሁ ወደ ዕጢ የምትልኩት ቅንጣት 100 ናኖሜትር ገደማ ነው። እርግጥ ቅንጣቱ በደም ሥር ስለሚሄድ ከውጭ ብቻ አይገባም። ማትሱሙራና ማኤዳ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1986 (በፈረንጅ) የዕጢ ደም ሥሮች ቀዳዳ ስለሚበዛባቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች እዚያ እንደሚጠራቀሙ ጻፉ፤ በ1995 ዶክሲል የተባለው በስብ ከረጢት የተጠቀለለ ዶክሶሩቢሲን (የካንሰር መድኃኒት) አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከደም ሥሩ ከወጣ በኋላ ግን የዕጢው የውስጥ ግፊት መልሶ ይገፋዋል፣ ጥቅጥቁ ኮላጅን (የሥጋ ማያያዣ ክር) ይይዘዋል። በ2016 የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ፣ እንስሳት ላይ ከተወጋው መጠን ዕጢው ጋ የሚደርሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከቀሪው ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይውጡታል።

እናንተ ዛሬ ስላይዱን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ቶሎ ትሄዳላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። አንድን ስላይድ በአነስተኛው ማጉያ አምስት ደቂቃ ዙሪያውን ሳያይ ወደ 40 እጥፍ ማጉያ የሚሮጥ ዓይን ዕጢ የት ላይ እንደሚሞት አይማርም። ቢሆንም «ለምን?» ማለትን ከእኛ ትውልድ ይልቅ እናንተ ታውቁበታላችሁ፤ እኛ መመሪያውን ተቀብለን ነበር የምንሠራው። ስለዚህ ከፎርማሊን ጀምሩ ያልኩት ናኖውን አቆዩት ለማለት አይደለም፤ ጎን ለጎን አንብቡ።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ሰኞ ስትመጪ ከሉካንዳ የበግ ጉበት ይዘሽ ነይ። በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ኩቦችና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሦስት ቅጠሎች ቁረጪ፤ ሁሉንም በ20 እጥፍ ፎርማሊን፣ መስኮት ከፍተሽ። በ6፣ በ24 እና በ48 ሰዓት አንድ ኩብና አንድ ቅጠል እያወጣሽ ለሁለት ክፈዪና ግራጫውን ዳር በማስመሪያ ለኪ። ከዚያ ከቅጠሎቹ አንዱን በሰም ቀብረን፣ በ4 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አራት ሺህኛ) ውፍረት ቆርጠን እናየዋለን። በደም መተላለፊያዎቹ ግድግዳ ላይ የተቀመጡትን ኩፕፈር ሕዋሳት አሳይሻለሁ፤ ቅንጣቶችሽን የሚውጡት እነሱ ናቸው።