ጂቲኤክስ 1060ን ልቀይረው ወይስ ልቆይበት?

ጠያቂያችን የአዘዞ ልጅ ነው። ኮምፒውተሩ ኮር አይ5-7500 ፕሮሰሰር፣ ነጠላ ባለ 8 ጊጋ ራም፣ ባለ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይና ባለ 6 ጊጋ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ አለው። ሞኒተሩ ፉል ኤችዲ፣ 60 ኸርዝ ነው። ቀን የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብርበታል፣ ማታ ጌም ይጫወትበታል። ጌሙ ሲጀመር ደህና ይሄድና ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ስታክ ማድረግ ይጀምራል፤ ፋኑ ይጮኻል፤ ሁለት ጊዜም ድንገት ጠፍቶ በራሱ ተነስቷል። አዲስ አበባ ያለ ሻጭ አርኤክስ 580 የሚባል ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሊልክለት ተስማምቷል። «ገንዘቡን ልላክ ወይ?» ይላል።

ወንድሜ፣ አትላክ። ለዚያ ካርድስ በፍጹም አትላክ።

አቅም ያነሰው ካርድ ጌሙን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ያንቀረፍፈዋል እንጂ ግማሽ ሰዓት አይታገስህም። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሙቀት ነው። 1060 ወደ 83 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አንተ የምታየው ያንን ነው። ከተማችን ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ አለ። ፒያሳ ሱቄ የሚመጡ ካርዶችን ስፈታ ከፋኑ ሥር አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነው የማገኘው። ኬዙን ጠረጴዛው ሳጥን ውስጥ ከተህ ዳንቴል አልብሰኸው ከሆነ ዛሬውኑ አውጣው፤ መተንፈሻ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ሙቀቱን እይ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ስትጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ ውስጥ ጂፒዩ የሚለውን ስትነካ የካርዱ ዲግሪ ተጽፎ ታገኛለህ። ስታክ ማድረግ ሲጀምር ቁጥሩ 80ዎቹ ውስጥ ከሆነ ካርዱ መጽዳት አለበት። ኤሌክትሪኩን ነቅለህ ካርዱን አውጣና አቧራውን በብሎወር ንፋ። ስትነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው፤ በነፋስ ኃይል ከልክ በላይ ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ከዚያ ከቺፑ ጀርባ ያሉትን አራት ብሎኖች በሰያፍ ተራ በተራ አላላ፣ የፋኗን ቀጭን ሽቦ ሳትበጥስ ክፈት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊውን ቅባት) በአልኮል ጥረግና ሲደርቅ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አድርግ። በሜሞሪዎቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች እንዳትቀድ። እጄ ይንቀጠቀጣል ካልክ ለባለሙያ ስጠው፤ የምትከፍለው ከአዲስ ካርድ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ድንገት ጠፍቶ መነሳቱ። የስህተት ጽሑፍ ሳያሳይ እንደዚያ የሚያደርግ ኮምፒውተር ሲመጣልኝ ቀድሜ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ስቲከር አንብብ። «450 ዋት» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ ተወውና 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፒር እንደተጻፈ ተመልከት። 20 አምፒር ካለ፣ 12 ሲባዛ በ20 ማለት 240 ዋት ብቻ ነው። አሁን ደምር፦ 1060 እስከ 120 ዋት ይወስዳል፣ ፕሮሰሰርህ 65፣ ለማዘርቦርድ፣ ለዲስክና ለፋን 40 ያህል ያዝለት፤ 225 ሆነ። አሁንም ጫፍ ላይ ነህ። አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት ስለሚወስድ ድምሩ 290 ይገባል። እንዲህ ዓይነቱ ሰፕላይ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ይዞ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። መብራት ሲሄድም ሶኬቱን ንቀል፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ሰካ።

ይህን ሁሉ ከፍለህ የምታስመጣው 580 ደግሞ የፈረንጆቹ 2017 ካርድ ነው፤ ፍጥነቱ ካንተው 1060 ጋር ጎን ለጎን ነው። ባለ 8 ጊጋው ቢሆን እንኳ የምታተርፈው ሁለት ጊጋ ሜሞሪ ብቻ ነው። ብዙዎቹም ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ሲያመርቱ ሌት ተቀን የሠሩ ናቸው፤ 2,304 ኮር (የማስሊያ ክፍል) ሊኖረው ሲገባ 2,048 ብቻ ያለው ዓይነትም በዚያው ስም ይሸጣል።

ያም ሆኖ 1060 ዘላለማዊ ነው አልልህም። የፈረንጆቹ 2016 ካርድ ነው። ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከአዳዲስ ጌሞች ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ማውጣቱን በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጥቅምት 2028 የሚደርሰው የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ነው። እንደ ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ያሉ ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃንን ጉዞ አስልቶ ምስል የሚሠራ ዘዴ) ግድ የሚሉ አዳዲስ ጌሞችን ብታጸዳውም አያስነሳልህም። የምትመኘው እነዚያን ከሆነ መቀየር አለብህ። የምትጫወተው ጂቲኤ 5ና ኳስ ከሆነ ግን በ60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ ንጹሕ 1060 ይበቃሃል።

ለመቀየር ከወሰንክም ቅደም ተከተሉን አታዛባ። አስቀድመህ ሁለተኛ ባለ 8 ጊጋ ራም ጨምር፤ ለሰርግ ሥራህም ከካርድ ይልቅ ቶሎ የሚታወቅህ እሱ ነው። የነባሩ ራም ዓይነት ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አይተህ ግዛ። ከዚያ የጌሙን የምስል ጥራት ከ1080 ወደ 720 አውርደህ ሞክር። ፍሬሙ (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ካልጨመረ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ነውና አዲስ ካርድ አይፈታውም። ከጨመረ፣ ጥሩ ሰፕላይ ግዛና ካርድ ፈልግ። ለጌም ብቻ ቢሆን 132 ዋት የሚወስደውን አርኤክስ 6600 እመርጥልህ ነበር። ቪዲዮ ስለምትሠራ ግን ባለ 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 ይሻልሃል፤ 170 ዋት ነው። ባለ 8 ጊጋ 3060 ስላለ አደራ አትሳሳት፤ ደከም ያለ ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን በርካሽ ቢሰጡህም ተወው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር በአራት የመረጃ መስመር ብቻ ስለሚገናኝ በአንተ ዓይነት ማዘርቦርድ ላይ ይታነቃል። ከ3060 በላይም አትውጣ፤ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰርህ አይከተለውም።

ሻጩን ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ ስክሪኑን እንዲያሳይህ ጠይቀው፤ ስሙ ተቀይሮ የተሸጠ አሮጌ ካርድን ይለያል። ባለፈው ዓመት አንድ የማራኪ ሰፈር ልጅ «1050 ቲአይ» ተብሎ የተሸጠለትን ይዞ መጥቶ ስንከፍተው ከዚያ በብዙ ዓመት የሚቀድም ቺፕ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ምንም ሳይል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። አሁን ግን የሙቀቱን ቁጥርና የፓወር ሰፕላዩን ስቲከር ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ስለ ካርዱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።