የዓይን ቴክኒሻን ደመወዝ የት ድረስ ይሄዳል?

በዚህ አምድ ስለ ጤና ሙያ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የነርሲንግና የፋርማሲ ናቸው። ከሰሞኑ ግን ሦስት አንባቢዎች የእኔኑ እንጀራ ጠየቁኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የዓይን ክሊኒክ ሞራ ለሚገፈፍላቸው ሰዎች ዓይናቸው ውስጥ የሚተከለውን ሌንስ የምለካው እኔ ስለሆንኩ ሌላ ባለሙያ ፍለጋ አልሄድኩም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አገር ቤት በዲግሪ የተመረቅኩ ነርስ ነበርኩ፤ በኋላም የዓይን ነርሲንግ ተምሬ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሠርቻለሁ። በዲቪ ከመጣሁ ወዲህ የምሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ጓደኛዬ «የዓይን ቴክኒሻን ሁኚ፤ ሌንስ የሚተክሉ ክሊኒኮች ጥሩ ይከፍላሉ» አለችኝ። እውነት ነው? ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ የነገረችሽ ግማሹን ነው። ሥራው አለ፤ ክሊኒኮችም የአንቺን ዓይነት ልምድ ያለው ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። መነሻ ደመወዙ ግን አያስጨበጭብም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2024 ባወጣው አኃዝ የዓይን ቴክኒሻኖች መካከለኛ የዓመት ክፍያ 44 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በሰዓት ሲሰላ 21 ዶላር ይሆናል፤ ግማሹ ሠራተኛ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። ዲሲ ውስጥ በጁላይ 2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 17.95 ዶላር መግባቱን አስቢና ልዩነቱን ራስሽ ፍረጂው። እዚህ አካባቢ ክፍያው ከአገር አቀፉ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የቤት ኪራዩም እንዲሁ። ያለ ሰርተፍኬት ለምትገባ ሰው እኔ በማውቃቸው ክሊኒኮች የሚጠሩላት ዋጋ ከ20 ዶላር ብዙም አይርቅም።

ሥራውን ታውቂዋለሽ። የታካሚውን ታሪክ መጠየቅ፣ እይታ መለካት፣ የዓይን ግፊት መለካት፣ ብሌን የሚከፍት ጠብታ ማድረግ፣ ለሐኪሙ ማዘጋጀት። አዲስ የሚሆንብሽ ፍጥነቱና የኮምፒዩተር ጽሕፈቱ ነው። ነርስ የምትጠየቀው ዓይነት የስቴት ፈቃድ እዚህ የለም፤ የሚጠቅምሽ ጃካፖ በሚባል አጭር ስሙ የሚታወቀው፣ መቀመጫው ሚኒሶታ ሴንት ፖል የሆነው ድርጅት የሚሰጠው ሰርተፍኬት ነው። ሦስት ደረጃ አለው፦ ሲ.ኦ.ኤ፣ ሲ.ኦ.ቲ እና ሲ.ኦ.ኤም.ቲ። የመጀመሪያውን እየሠራሽ አጥንተሽ ትፈተኛለሽ፤ በየሦስት ዓመቱ ደግሞ ትምህርት ወስደሽ ታሳድሺዋለሽ።

አሁን ጓደኛሽ ያላለችሽን ልበልሽ። አንቺ ነርስ ነሽ። የትምህርት ማስረጃሽን አስገምግመሽ ኤንክሌክስን (የነርሶችን የፈቃድ ፈተና) ብታልፊ የምትገቢበት ሙያ መካከለኛ ክፍያው በዓመት ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ከቴክኒሻኑ ከእጥፍ ይበልጣል። ሞራ የሚሠራባቸው የቀን ኦፕራሲዮን ማዕከሎችም ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ ታካሚውን የሚይዝ ነርስ ይቀጥራሉ። የሌሊት ፈረቃ የለም፤ ቅዳሜና እሑድም አብዛኛውን ጊዜ እረፍት ነው። እዚያ የዓይን ልምድሽ ወርቅ ነው። ስለዚህ የቴክኒሻኑን ሥራ ያዢው፣ እንግሊዝኛሽንም አሠራሩንም ትለማመጂበታለሽ፤ ነገር ግን «ትንሽ ልረፍና እጀምራለሁ» ብለሽ ወረቀትሽን መሳቢያ ውስጥ አታሳድሪ። ከዩኒቨርሲቲሽ ትራንስክሪፕት ማስላኩ ብቻውን ስንት ወር እንደሚፈጅ የሞከሩት ያውቁታል፤ እሱን ዛሬውኑ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአንድ የዓይን ክሊኒክ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሲ.ኦ.ኤ አለኝ። የሚከፈለኝ በሰዓት 22 ዶላር ነው። ጭማሪ በጠየቅኩ ቁጥር ማናጀሯ «በጀት የለም» ትለኛለች። ሐኪማችን ግን በየሳምንቱ ሞራ ሲገፍፍ ነው የሚውለው፤ ታካሚዎች ከኪሳቸው በሺዎች እየከፈሉ ውድ ሌንስ ያስገባሉ። ይህ ገንዘብ እኔ ጋ የማይደርሰው ለምንድን ነው? ምን ልማር? ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድኅን፣ ለኦፕራሲዮኑና ለተራው ሌንስ ይከፍላል። ከ2005 ጀምሮ ግን ቅርብና ሩቅ አብሮ የሚያሳይ ሌንስ ለሚፈልግ ታካሚ ልዩነቱን ራሱ እንዲከፍል ተፈቀደ፤ በ2007 አስቲግማቲዝምን (የዓይን ኩርባ አለመስተካከልን) የሚያርመው ሌንስ ተጨመረ። ለአንድ ዓይን በሺዎች የከፈለ ሰው ደግሞ መነጽር ዳግመኛ ማየት አይፈልግም። መነጽር ካስፈለገው ተመልሶ ይመጣል፤ ሐኪሙም ወይ በሌዘር ያስተካክልለታል፣ ወይ ሌንሱን ይቀይርለታል፣ ወይ ገንዘቡን ይመልስለታል። ይህ ሁሉ እንዳይመጣ የሚያደርገው ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚወሰደው ልኬት ነው። ግፊት የሚለካ ሰው በቀላሉ ይተካል። ሌንስ አስተካክሎ የሚለካ ሰው ሲለቅ ግን ሐኪሙ ራሱ ይደነግጣል። ጭማሪህ ያለው እዚያ ነው።

ነገሩን በቁጥር ልንገርህ። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ በአማካይ 23.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1980 የወጣውና በሦስት ሐኪሞች ስም መነሻ ፊደላት ኤስ.አር.ኬ የተባለው የሌንስ ኃይል ማስያ ቀመር፣ ለሌንሱ ከተሰጠው ቋሚ ቁጥር ላይ የዓይኑን ርዝመት በ2.5፣ የኮርኒያውን (ከፊት ያለውን የዓይን ግልጽ ሽፋን) ኩርባ በ0.9 እያባዛ ይቀንሳል። የዛሬዎቹ ቀመሮች በጣም ረቀዋል፤ መነሻቸው ግን ያው ርዝመትና ኩርባ ነው። በርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ብትስት ታካሚው ሁለት ተኩል ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ የተሳሳተ ዓይን ይዞ ይወጣል። ሃሮልድ ሪድሊ በ1949 ለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ሌንስ ሲተክሉ የገጠማቸው ይኸው ነው፤ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ኃይለኛ ሆነና ሴትዮዋ ሩቁን ለማየት ከባድ መነጽር አስፈለጋቸው።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ሐበሻ እናት ለልኬት መጡ። የግራ ዓይናቸው 23.41 ወጣ፣ የቀኙ 22.87። በሁለቱ ዓይን መካከል ከ0.3 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ሲመጣ ድጋሚ መለካት ግድ ነው። ልጃቸው በስተቀኛቸው ተቀምጣ እያስተረጎመች ነበር፤ እሳቸውም ልጅ ስታናግራቸው ዞር ብሎ አለማየት ነውር ሆኖባቸው ዓይናቸውን ከመሣሪያው መብራት ላይ ያነሳሉ። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄ ከክፍሉ አስወጣኋትና «እማማ፣ አሁን እኔንም ልጅዎንም ይርሱን፤ መሃል ያለችውን መብራት ብቻ ይዩ» አልኳቸው። ሁለቱም 23.4 አካባቢ ገቡ። መሣሪያው የመጀመሪያውንም ቁጥር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ አትሞልኝ ነበር። በዚያ ሌንስ ቢታዘዝ ኖሮ ከአንድ ዳዮፕተር በላይ ስሕተት ነበር።

እንግዲህ የምትማረው ይህንን ነው። አይ.ኦ.ኤል ማስተር የሚባለው በብርሃን የሚለካው መሣሪያ ከ1999 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ፤ አንተም ትጫነው ይሆናል። ወጣቶቹ ቁልፉን ተጭነው ወረቀቱን ያወጣሉ፤ የሲግናሉን ጥራት አያዩም፤ ዓይኑ ደርቆ እንደሆነ አይጠይቁም፤ ታካሚው ኮንታክት ሌንሱን መቼ እንዳወለቀ አያጣሩም። ሞራው ጠንክሮ ብርሃን ሲያግድ ደግሞ በድምፅ ሞገድ በኤ-ስካን የሚለካ ሰው ይጠፋል። ኤ-ስካኑን ኮርኒያው ላይ አሳርፈህ ስትለካ በእጅህ ክብደት ዓይኑን ትጫነዋለህ፣ ርዝመቱ ያጥራል፣ ሌንሱ ከልክ በላይ ኃይለኛ ይታዘዛል፣ ታካሚው ሩቁ ይጠፋበታል። በውኃ አማካይነት፣ ኮርኒያውን ሳይነኩ የሚለካበትን ኢመርሽን የሚባለውን መንገድ ልመድ። ቀድሞ ሌዘር የተሠራለትን ዓይንም ለይተህ እወቅ፤ የተለመደው የኩርባ ልኬት እሱ ላይ ይስታል። ጃካፖ በድምፅ ሞገድ ለሚወሰደው ልኬትና ለሌንስ ስሌት የተለየ ፈተና አለው፤ አር.ኦ.ዩ.ቢ ይባላል።

ከዚያ ጭማሪ ስትጠይቅ የምትይዘው ወረቀት ሌላ ነው። የለካሃቸውን ታካሚዎች ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባለው ምርመራ ተከታተልና ስንቶቹ ከታሰበላቸው ውጤት በግማሽ ዳዮፕተር ውስጥ እንደወደቁ መዝግብ። ስም አትጻፍ፣ ፋይሉንም ከክሊኒኩ አታውጣ። ለማናጀሯ ሳይሆን ለሐኪሙ አሳየው፤ ቁጥሩ የሚገባው እሱን ነው። እዚህ አካባቢ በልኬት የታመኑ የማውቃቸው ቴክኒሻኖች ከ27 እስከ 33 ዶላር ያገኛሉ። ከዚያ በኋላም «በጀት የለም» ከተባልክ ሌላ ክሊኒክ ጋ ይኖራል።

ሌላው በር ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ከሐኪሙ ጎን ቆመህ መሣሪያ ማቀበል፣ የተጣጠፈውን ሌንስ በማስገቢያው ቱቦ ውስጥ መጫን፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ኃይል ከታዘዘው ጋር ጮክ ብሎ ማመሳከር። የኦፕራሲዮን ቴክኖሎጂስቶች መካከለኛ ክፍያ በዓመት 60 ሺህ ዶላርን ተሻግሯል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮሌጅ ገብተህ የምታገኘው ነው። ምሽት የምትማርበት ጊዜ ካለህ አስብበት።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ለሸጥከው ለእያንዳንዱ ውድ ሌንስ ቦነስ እንሰጥሃለን የሚል ቦታ ካጋጠመህ አትግባ። ሬቲናው (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) መሃሉ ላይ የታመመ ሰው ቅርብና ሩቅ አብሮ የሚያሳየውን ሌንስ ቢገዛ ገንዘቡም ዓይኑም ይጎዳበታል፤ የሚለካው ሰው ሻጭ ከሆነ ይህን የሚነግረው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ሲ.ኦ.ቲ ነኝ፤ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሌንስ ለሚያመርት ኩባንያ መሥራት ይቻላል ይባላል። ደመወዙ እውነት ይሻላል? ከዳላስ

መልስ፦ ይቻላል፤ ይሻላልም። የምትኖሪበት ቦታም ያግዝሻል፤ አልኮን አጠገብሽ ፎርት ወርዝ ነው ያለው፤ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን፣ ባውሽ ኤንድ ሎምብ እና ዛይስም ሰው ይቀጥራሉ። የምትፈልጊው የሽያጭ ሳይሆን «ክሊኒካል አፕሊኬሽን» የሚባለውን ቦታ ነው። አዲስ መሣሪያ የገዛ ክሊኒክ ሄደሽ ሠራተኛውን ታሠለጥኛለሽ፣ ሐኪሙ አዲሱን ሌንስ ሲጠቀም ኦፕራሲዮን ክፍል ቆመሽ ትረጃለሽ። ብዙዎቹ ዲግሪ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱ ግን የሲ.ኦ.ቲ ልምድን በዲግሪ ምትክ ስለሚቀበል ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቢ። የጡረታ መዋጮውና የጤና መድኅኑም ከግል ክሊኒክ ይበልጣል።

ዋጋው ጉዞ ነው። ሰኞ ጠዋት አውሮፕላን፣ ሐሙስ ማታ ቤት። ቃለ መጠይቁ ላይ የምትሸፍኚውን አካባቢ ስፋትና በወር ስንት ሌሊት ውጭ እንደሚታደር ሳትጠይቂ ደመወዝ አትደራደሪ፤ ትንንሽ ልጆች ካሉሽ ደግሞ ባለቤትሽን አብሮ አስቀምጠሽ ተነጋገሩበት።